ከትልቁ ስብሰባ በፊት ትንሹን እንቀመጥ
ለገሱባ ከተማ፣ ለኦፋ ወረዳ ቀበሌዎችና በዙሪያው ላሉ አጥቢያዎች የቀረበ ጥሪ

ስብሰባ አልጠፋብንም። የቀበሌው አለ፣ የወላጆች አለ፣ የእድር አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ አለ። የጠፋብን ውሳኔው ነው። እኛ ስንጠራ እሱ አልቆ ይጠብቀናል። አጀንዳው ይነበባል፣ ሪፖርቱ ይሰማል፣ ሁልጊዜ የሚናገሩት ሦስት ሰዎች «ለተሰጠኝ ዕድል አመሰግናለሁ» ብለው ይናገራሉ፣ ሰብሳቢው ሰዓቱን ያያል፤ «እንግዲህ በዚሁ ተስማምተናል?» ጭብጨባ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ሕዝቡ በሰፊው ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ አጽድቆታል» ተብሎ ይሰፍራል። በቤተ ክርስቲያን ጭብጨባው በ«አሜን» ይለወጣል እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

የልብ የልቡ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ወደ ቤት ሲኬድ፣ ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት እየሆኑ። «ይሄ እኮ አይሆንም» የሚለው ሰው ያኔ አፉ ይፈታል። ግን ማን ይሰማዋል? ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል።

አንድ ጉዳይ ቀረብ ብለን እንይ። ስለ ውኃ ቦኖ ስብሰባ ተጠራ እንበል። የቀረበው አጀንዳ የጀሪካን ዋጋ ይጨመር ወይስ አይጨመር የሚል ነው፤ ክርክሩም በዚያው ያልቃል። ከኋላ የተቀመጠችውን እናት ያሳሰባት ግን ሌላ ነገር ነው። ቦኖው የሚከፈተው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስለሆነ ሴት ልጇ ወረፋ ጠብቃ፣ ሃያ ሊትሩን ተሸክማ እስክትመለስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፋታል። ቁልፍ ያዡ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ቢከፍት ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር፤ አምስት ሳንቲም አያስወጣም። ይህን በሁለት መቶ ሰው ፊት ተነሥታ አትናገረውም። ድምፅ ማጉያ ይዛ አታውቅም፣ ባሏ ከፊት ተቀምጧል፣ አማርኛው ቶሎ አይመጣላትም፣ «አጀንዳው ይህ አይደለም» ተብላ አፍራ ብትቀመጥስ? ለስምንት ለዘጠኝ ጎረቤት ግን በወላይትኛ ትናገረዋለች። እንዲያውም ተናግራዋለች፤ ትናንት፣ የቡናው ቅጠል ከዝንጅብሉ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከሚጥሚጣው ጋር ተፈልቶ ጎረቤት በተጠራ ጊዜ። ሁሉም «እውነቷን ነው» ብሏል። ከዚያ ምድጃ እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ያለው መንገድ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ቃሏ ግን እስከ ዛሬ አልደረሰም።

እናድርሰው። ጥሪው ይኸው ነው። ከማንኛውም ትልቅ ስብሰባ በፊት፣ የቀበሌም ይሁን የቤተ ክርስቲያን፣ በየሰፈራችን ስምንት፣ አሥር፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ሆነን እንቀመጥ። በአንድ ጉዳይ ላይ እያንዳንዱ ሰው ቃሉን ይስጥ። የተባለው በጽሑፍ ይስፈር። ሁለት ሰዎች ተሸክመውት ወደ ትልቁ ጉባኤ ይግቡ፤ መልሱንም ይዘው ይመለሱ። አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያሻም፣ ፈቃድ ማውጣት አያሻም፣ ውሎ አበል የሚጠይቅ ካለ ቤቱ ይቆይ።

«እኛ ይህን የት እናውቃለን?» የሚል ሰው የራሱን አገር ታሪክ ረስቶታል። ሚስዮናውያን ወላይታ የገቡት በ1920 ዓ.ም. ገደማ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር አማኞች በታኅሣሥ 1926 ተጠመቁ። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 1929፣ ጣሊያን ሚስዮናውያኑን ከሶዶ አስወጣቸው። ትተዋቸው የሄዱት 48 ተጠማቂዎችን ነበር። ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በራሳቸው ቋንቋ አልነበራቸውም፤ አብዛኞቹ ፊደል አልቆጠሩም፤ ደመወዝ የሚከፍል፣ መመሪያ የሚልክ ዋና መሥሪያ ቤት አልነበረም። ከመሪዎቻቸው እነ ዋንዳሮ ታሰሩ፣ በአደባባይ ተገረፉ፣ የጸሎት ቤቶች ተቃጠሉ። ጦርነቱ አልፎ ሚስዮናውያኑ በ1935 ዓ.ም. ገደማ ሲመለሱ ግን የጠበቃቸው ወደ 10,000 የሚጠጋ ምእመንና ወደ 100 የሚጠጋ አጥቢያ ነበር።

ይህን ታሪክ በየመድረኩ እናነሣዋለን፤ በአብዛኛው ስለ ተአምሩ። እኔ ዛሬ ስለ አሠራሩ ልጠይቅ። ማን ነበር የሚወስነው? ወንጌላዊ ወደ ጎረቤት አገር ይላክ አይላክ፣ የታሰረውን ሰው ቤተሰብ ማን ይመግብ፣ ሁለት ወንድሞች ሲጣሉ ማን ይሸምግል? ነጩ ሰው የለም። ሊቀ መንበር የለም። ጉዳዩን የሚቆርጡት ከመካከላቸው የወጡ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ የሚቀመጡትም ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ጎጆ ውስጥ ነበር። በእንዲህ ያለ ቤት ማንም ከኋላ መቀመጥ አይችልም፤ ኋላ የለውማ።

ያ ሁሉ ሲያልፍ ደርግ መጣ። በ1970ዎቹ በወላይታ አብዛኞቹ የቃለ ሕይወት አጥቢያዎች ተዘጉ፤ ቁልፉም ወንበሩም ተወሰደ። ሰዎች እንደገና ወደ ቤት ተመለሱ፤ አምስትና ስድስት እየሆኑ፣ ድምፅ ቀንሰው። በአዲስ አበባም ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን በተዘጋች ጊዜ ምእመናኗ በየቤቱ በትንንሽ ኅብረት ተደራጅተው ነው ያን ዘመን የተሻገሩት። መከራ በመጣ ቁጥር የሚያተርፈን አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ሰላም ሲሆን ግን እንተወዋለን። ሕንጻው ሰፋ፣ ቆርቆሮው ተቀየረ፣ ድምፅ ማጉያው ገባ፤ መድረኩም በዚያው ልክ ራቀ። ዛሬ አንድ አጥቢያ በጀቱን ሲያጸድቅ፣ አገልጋይ ሲያሰናብት፣ መሬት ሲገዛ ከምእመኑ ስንቱ ቀድሞ ይሰማል? የጸሎት ቡድን አለን፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን አለን፤ በየሳምንቱ ይገናኛሉ። ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱ ገንዘብ ግን አንድም ቀን አይጠየቁም። ለጸሎት የታመነ ቡድን ለውሳኔ የማይታመንበት ምክንያት ምንድን ነው?

ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ዘንድ ነገሩ በሕግ ተጽፎ ተቀምጧል። በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና፣ በ1965 ዓ.ም.፣ ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ወጥቶ ሰበካ ጉባኤ ተቋቋመ። ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አብረው ተቀምጠው ደብሩን እንዲያስተዳድሩ ነው የተደነገገው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነው። የደብራችሁ የሰበካ ጉባኤ ምርጫ መቼ እንደሆነ የምታውቁ እጃችሁን አንሡ ብል ስንት እጅ ይነሣል? ሰንበቴው ግን በወሩ አይቀርም፤ ማኅበሩም ጽዋውን ለባለ ተራ ማስረከቡን አይረሳም። እዚያው ጠላው ሳይነሣ ስለ ደብሩ ሒሳብ አንድ ጥያቄ ቢነሣ ጽዋው አይረክስም።

መጽሐፉም ቢሆን ከዚህ ወገን ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ለብቻው ሲፈርድ ያየው አማቱ ዮቶር ነው የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች እንዲሾም የመከረው። ስለ ሺህ አለቃ ብዙ ሰብከናል፤ የአሥሩን አልፈነዋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የመበለቶቹ ዕለታዊ እርዳታ አላግባብ በተከፋፈለ ጊዜ ሐዋርያቱ ሰባቱን ሰዎች ራሳቸው አልመረጡም፤ ምረጡ ብለው ለሕዝቡ ሰጡ። ቅሬታው የመጣው ደግሞ ከተረሱት ወገን ነበር፤ አጉረምራሚ ተብለው አልተባረሩም።

የዱቡሻውን ነገር የሚያነሣ ሽማግሌ እንደሚኖር አውቃለሁ። ልክ ነው፤ አባቶቻችን በአደባባይ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይመክሩ ነበር፤ በጎረቤታችን በጋሞ እስከ ዛሬ አለ። በመስከረም 2011 በቡራዩ በጋሞዎች ላይ የደረሰው ግፍ ተሰምቶ አርባ ምንጭ ውስጥ ወጣቱ ለበቀል ሲነሣ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው ያስቆሙትን ያልሰማ የለም። ሲመክር የኖረ ሽማግሌ በአንድ ቀን ምን ማድረግ እንደሚችል ያኔ ታይቷል። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ በድሮው አደባባይ ሴቶች ቦታ አልነበራቸውም። ሸክላ ሠሪው፣ አንጥረኛው፣ ቆዳ ፋቂው ቦታ አልነበራቸውም። ያን እንዳለ መልሱ የሚል ካለ እኔ የለሁበትም። እንስራዋን እየገዛን ቃሏን የማንሰማት ሸክላ ሠሪ በአዲሱ ቡድን ውስጥ ካልተቀመጠች ቡድኑ ባይቋቋም ይሻላል።

ሌላም ወሬ ይመጣል፤ «ይሄማ አንድ ለአምስት አይደለም ወይ?» (ስሙ ሲነሣ ብቻ ነጠላውን አስተካክሎ ለመሄድ የሚነሣ ሰው አለ፤ አልፈርድበትም።) አንድ ለአምስትም የልማት ቡድንም ትንሽ ቡድን ነበሩ። ጥያቄው ከላይ ተዘጋጅቶ ይመጣ ነበር፣ መልሱም አብሮት ይመጣ ነበር፣ ከእኛ የሚፈለገው ሪፖርት ብቻ ነበር። ማን መጣ ማን ቀረ ይቆጠር ነበር፤ ማን ምን አለ አይጻፍም ነበር። አሁን የምንለው ቡድን አጀንዳውን ራሱ ያወጣል፣ ሰብሳቢውን በየጊዜው ያፈራርቃል፣ የሚልከው ጥያቄ ነው፣ የሚጠብቀውም መልስ ነው። የስም ዝርዝር ለማንም አይሰጥም። ይህ ልዩነት ካልገባን የትናንቱን ጠባሳ እየነካካን እንቀራለን።

ሳይጠየቁ መወሰን ምን እንደሚያስከፍል ደግሞ ወላይታ ከማንም በላይ ያውቃል። በያኔው ሰሜን ኦሞ ዞን የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተቀላቅለው «ወጋጎዳ» የሚባል የመማሪያ ቋንቋ ተፈጠረ፤ በቢሮ ውስጥ። በ1992 ዓ.ም. መጽሐፉ ታትሞ ትምህርት ቤት ገባ። አሥር የአንደኛ ደረጃ መምህራንና አሥር እናቶች አንድ ከሰዓት በኋላ ተጠርተው «ይህን ልጆቻችሁ ይረዱታል?» ተብለው ቢጠየቁ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። አልተጠየቁም። ሶዶ በተቃውሞ ተናጠች፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ብዙዎች ታሰሩ፣ መጽሐፉም ተነሣ። ወላይታ በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ድል ነው ብለን እናወራለን፤ ለአንድ የመማሪያ መጽሐፍ የተከፈለው ዋጋ ግን ድል አይባልም።

በታኅሣሥ 2011 የዞኑ ምክር ቤት የክልልነትን ጥያቄ በሙሉ ድምፅ አጽድቆ ነበር። ጥር 29 ቀን 2015 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። በወላይታ የታየው የአሠራር ጥሰት ከፍ ያለ በመሆኑ የምርጫ ቦርድ ውጤቱን ሰረዘው፤ ሰኔ 12 ቀን 2015 እንደገና ተሰለፍን። በነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፣ ሶዶም የአስተዳደር መቀመጫው ሆነች። ውጤቱን የወደደ አለ፣ ያልወደደ አለ፤ ያን እዚህ አንከራከርበትም። የምለው ይህን ነው፤ ሁለት ጊዜ የተሰለፍንበት ወረቀት ሁለት ምርጫ ብቻ ነበረው፣ ምርጫዎቹንም ያረቀቅነው እኛ አልነበርንም። ጣት ላይ የሚቀባ ቀለም ትልቅ ነገር ነው፤ ግን የሚቀባው ጥያቄው ካለቀ በኋላ ነው።

የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ምርጫማ ከነጭራሹ ከአእምሯችን ወጥቷል። በሚያዝያ 2005 ተመረጠ፤ በ2010 መደረግ የነበረበት ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። በ2005 የተወለደ ልጅ ዛሬ ጀሪካን ይሸከማል። ቀጣዩን የአካባቢ ምርጫ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ይጠብቅ። ሕገ መንግሥቱ ግን ምርጫ እስኪመጣ ዝም በሉ አላለም። አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ለመሳተፍ እንዲችል ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ይህን ጠቅሶ የሚሄድ ሰው ልመና አልመጣም።

የቀበሌ ሊቃነ መናብርት፣ የወረዳ ኃላፊዎች፣ የአጥቢያ ሽማግሌዎች፦ ይህ በእናንተ ላይ የተነሣ አይምሰላችሁ። መዋጮ ጥላችሁ ስትሰበስቡ ስንት ወር እንደምትንከራተቱ እናያለን። ሰው ያልመከረበትን አይከፍልም፤ ሲከፍልም እያጉረመረመ ነው። እዚያው ሰፈር ያለ እድር ግን ሰው በሞተ በሰዓቱ ድንኳኑንና ወንበሩን ይዞ ይደርሳል፤ ካድሬ ሳይልክ። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፤ የእድሩን ደንብ አባሉ ራሱ አውጥቶታል፣ ሒሳቡም ፊቱ ይነበባል። የኛን ጽሑፍ ተቀበሉ፣ መልሱን በጽሑፍ ስጡ። «አይቻልም» የሚልም መልስ ቢሆን ምክንያቱ ከተጻፈበት መልስ ነው። በብራዚል የፖርቶ አሌግሬ ከተማ ከ1989 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ ነዋሪው በየሰፈሩ እየተቀመጠ የከተማውን በጀት ከፊል ለብዙ ዓመታት ራሱ ሲደለድል ነበር። አየርላንድ በ2016፣ ይህም በፈረንጆቹ፣ በዕጣ የተመረጡ 99 ዜጎችን ጠርታ፣ በክብ ጠረጴዛ በትንሽ በትንሹ አስቀምጣ፣ ፓርላማው ለዓመታት ሲሸሸው የኖረውን ጉዳይ አስመከረች። ከንቲባውም ፓርላማውም ሥልጣናቸው አልተነቀለም።

ወጣቶች፣ በተለይ ከወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃችሁ ሥራ ስትፈልጉ ገሱባ ላይ የተቀመጣችሁ፦ በስልካችሁ በምትጽፉት ቁጣ ላይ ስድብ አልጨምርም። ግን አንድ ብዕርና አንድ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ይዛችሁ በእናቶቻችሁ የቡና ቅጠል ዙሪያ ተቀመጡ። የቡድኑ ጸሐፊ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ። እናታችሁ በወላይትኛ ያለችውን በወላይትኛ ጻፉት፤ ቢሮው አማርኛ ከፈለገ በጎን ተርጉሙት። የሷን ቃል አታሳምሩት፣ «የግንዛቤ እጥረት» በሚል ቋንቋ አትለውጡት።

አቀማመጡ እንዲህ ይሁን። ለአንድ ቀን አንድ ጉዳይ ብቻ። ማንም ሁለተኛ ጊዜ ከመናገሩ በፊት ሁሉም አንድ ጊዜ ይናገር፤ መጀመሪያ በዕድሜ ትንሹ፣ ሽማግሌው መጨረሻ። ይህ ወግ መጣስ የሚመስላቸው አባቶች ይኖራሉ፤ አባት ከተናገረ በኋላ ልጅ እንደማይናገር ግን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የአንድ ቤተሰብ ሰው ብቻ አይሰብሰብ። ፕሮቴስታንቱ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩ፣ ሙስሊሙ ውኃው አንድ ነውና ለቀበሌ ጉዳይ አብረው ይቀመጡ። ሳይስማሙ ከቀሩ አለመስማማቱ ይጻፍ፤ «ሰባት ሰው ይህን፣ ሦስት ሰው ያን ብሏል» ማለት ነውር የለውም። ሐሜት ከገባ ቡድኑ በሦስተኛው ሳምንት ይሞታል፤ ስለዚህ የሌለ ሰው ስም አይነሣ፣ የሚነሣው ሥራው ነው።

መቼ ለሚለው፣ የመንግሥት በጀት ዓመት የሚገባው ሐምሌ 1 ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ «በጀት አልተያዘለትም» ይባላል፣ እውነትም አልተያዘለትም። ስለዚህ የቀበሌና የወረዳ ጥያቄያችን ዕቅድ በሚረቀቅበት ጊዜ፣ ከግንቦት በፊት መድረስ አለበት። ለአጥቢያዎች ደግሞ ዓመታዊው ጉባኤ ከመጠራቱ አንድ ወር ቀድማችሁ አጀንዳውንና ሒሳቡን ጠይቁ፤ በጥናት ቡድናችሁ አንብቡት፣ ጥያቄያችሁን ለሽማግሌዎቹ በጽሑፍ ስጡ።

በዚህ ሳምንት፣ ከገበያ መልስ፣ አንድ ቤት ምረጡ። ለመጀመሪያው ቀን ከባድ ጉዳይ አታንሡ፤ ቦኖው የሚከፈትበት ሰዓት፣ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት በር፣ የአጥቢያው ወርኃዊ መዋጮ የገባበት ይበቃል። ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። የሁሉም ስም አያስፈልግም፤ የሁለቱ መልእክተኞች ፊርማና ቀን ይኑረው፣ መልስ የምትጠብቁበትን ቀንም ጻፉበት። ሁለት ቅጂ አዘጋጁ። ወደ ሊቀ መንበሩ ቤት ሳይሆን ወደ መዝገብ ቤት ውሰዱት፤ «ተዉት እዚህ፣ እናየዋለን» ብትባሉ ፈገግ ብላችሁ ቁሙ፣ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ሳይመታበት ቅጂያችሁን ይዛችሁ አትውጡ።